«እኔን» የተከለከለበት በጋ

ባለፈው ጥር ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ፣ እናቴ ከጓዳ በርበሬ እንዳወጣላት ላከችኝ። ጓዳው ጨለማ ነው። በእጄ እየዳበስኩ ስገባ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ነገር ፊቴን ገጨኝ። የአባቴ፣ የአባባ መጫኛ ነው፤ ከበሬ ቆዳ የተገመደ፣ ሞራ ጠጥቶ የጠቆረ፣ የፈረስ ላብ የሚሸት ረጅም ገመድ። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይዞ ይወጣ ነበር። እኔ ግን ጭራሽ አፍንጫዬን ደቅኜ ቆምኩ። የሳሙና ሽታ እየፈለግሁ ነበር። መቼም ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ የሳሙና ሽታ ገመድ ላይ እንደማይቆይ አላጣሁትም፤ ቢሆንም ፈለግሁ። እናቴ ከውጭ «በርበሬው ምን ሆነ፣ አንቺ ልጅ? ተኛሽ እንዴ?» እስክትለኝ ድረስ እዚያው ነበርኩ።

ነገሩ የሆነው ዘጠነኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ነው። ቤታችን ከዘንገና ሐይቅ ማዶ፣ ገጠር ስለሆነ እንጅባራ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እማር ነበር። ብቻዬን አይደለም፣ ከገነት ጋር። ገነት የአዘና ከተማ ባለ ሱቅ ልጅ ናት፤ አጭር፣ ሳቂታ፣ ለሰው የምታዝን። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ወደ ቤት ሄጄ ድንችና ሽሮ ተሸክሜ እመጣለሁ፣ ሳምንቱን እሱን እየቀቀልን እንከርማለን። የእንጅባራን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ጠዋት ጉሙ ከቀርከሃው ላይ ሳይነሳ፣ እጃችንን ብብታችን ውስጥ ቀብረን ወደ ትምህርት ቤት እንሮጣለን። ከየገጠሩ ከሰል የጫኑ ሰዎች ሲያልፉ ሽታቸው ልብሳችን ላይ ይቀራል። ክፍል ውስጥ ሁላችንም ከሰል ከሰል እንሸታለን።

አባባ ፈረሰኛ ናቸው። ጥር ጊዮርጊስ ሲሆን አገሩ ሁሉ ፈረሱን ሸልሞ አደባባይ ይወጣል፤ አባባም ዳማ ፈረሳቸው ላይ ሆነው ሲያልፉ እናቴ እንኳ ደንግጣ የምታያቸው ይመስለኝ ነበር። ቤት ሲገቡ ግን ቃል የላቸውም። ምግብ ይበላሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ይወጣሉ። የሚያወሩት ከፈረሱ ጋር ነው። ዳማው ድንጋይ ሲያደናቅፈው ቆም ብለው አንገቱን እያሻሹ፣ በቀስታ፣ «እኔን» ይሉታል። እኔ ስወድቅ ግን ዝም ብለው ያነሱኛል፣ አቧራዬን ያራግፉልኛል፣ ይሄዳሉ። እናም በልጅ አእምሮዬ የአባባ «እኔን» ለፈረሱ የተሰጠ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። አልተቀየምኩም። ዳማው መቼም ቆንጆ ነበር።

እኔም በእሳቸው ወጥቼ ድምፄ አይሰማም ነበር። ይሄ በእኛ ቤት ሙገሳ እንጂ ነውር አይደለም። አክስቶቼ «ይቺ ልጅ እኮ መኖሯም አይታወቅ» ሲሉ እናቴ ደስ ይላታል፤ እኔም የበለጠ ዝም እላለሁ።

በዚህ መሀል ቲቸር ስንዱ መጣች። የስፖርት አስተማሪያችን ናት፤ የዳንግላ ልጅ፣ ቀጭን፣ ገና ወጣት። በመጣች በሳምንቱ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን አቋቁማለሁ አለች። ወንዶቹ ሳቁ፤ እኛም ሳቅን። እሷ ግን ሳትስቅ ቆይታ ስማችንን ጠየቀችን። እኔን ቁመቴን ከላይ እስከ ታች አየችና ስሜን ጠርታ «ባንቺ፣ በረኛ» አለች። በረኛ ምን እንደሚሠራ በወጉ አላውቅም ነበር። ቆሞ ማየት መስሎኝ ተስማማኝ። ገነትን ደግሞ ከፊቴ ተከላካይ አደረገቻት።

ቲቸር ስንዱ አትጮህም፣ አትቆጣም። ልምምድ ላይ አንዷ ከዘገየች ሌላ አስተማሪ ቢሆን ሜዳውን በሩጫ ያስዞራት ነበር። እሷ ግን የዘገየችውን ምንም አትላትም፤ እኛን ሰልፍ ላይ አቁማ ዝም ብላ ትጠብቃታለች። አንዲት ቃል አይወራም። ከሩቅ ስትመጣ ያየች ልጅ፣ ያ ሁሉ ሰው እሷን ብቻ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች። እኔ አንድ ጊዜ ደርሶብኛል። ከዚያ ወዲያ ጉሙ ውስጥ በሩጫ የሚመጣ ሰው ካያችሁ እኔ ነበርኩ።

የመጀመሪያው ግጥሚያ በእኛው ሜዳ፣ ከዳንግላ ልጆች ጋር ነበር። የዞኑ ትምህርት ቤቶች ውድድር ነው፤ አንድ ጊዜ እነሱ ይመጣሉ፣ አንድ ጊዜ እኛ እንሄዳለን። ጎሎቻችን የቀርከሃ ናቸው። ተማሪው ሁሉ ወጥቷል። ጥቂት እንደተጫወትን የዳንግላ አጥቂ ኳስ እየገፋች መጥታ ገነት ፊት ተደናቅፋ ወደቀች። ገነት ሆዬ ኳሱን ትታ «እኔን!» ብላ ተንደረደረች። አነሳቻት፣ ጉልበቷን አራገፈችላት፣ ደም አለው የለውም ብላ ጎንበስ ብላ አየች። ሌላዋም ተከላካያችን መጣች። እኔም አላፈርኩም፣ ከጎሌ ወጥቼ «እኔን፣ እኔን» እያልኩ ቀረብኩ። ኳሱ ለካ እየተንከባለለ ሌላዋ የዳንግላ ልጅ ጋ ደርሷል። እሷ ለጓደኛዋ አላዘነችም፤ ባዶው ጎል ውስጥ ከተተችው። ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። የወደቀችው ልጅ እንኳ ጉልበቷን በገነት እጅ እንዳስያዘች ሳቀች።

ሁለተኛው ጎል ደግሞ የኔ ነው። ኳስ ከላይ መጣ፤ እኔም አየሁት፣ ገነትም አየችው። እኔ «የኔ» ብዬ መጥራት ነበረብኝ። ከንፈሬ ተንቀሳቅሷል፣ ድምፅ ግን አልወጣም። እሷ እኔን ስትጠብቅ፣ እኔ እሷን ስጠብቅ ኳሱ መሀላችን አርፎ ነጥሮ ገባ።

በማግስቱ ቲቸር ስንዱ ላብ የጠጡትን ቀይ ማልያዎች በማዳበሪያ ከረጢት ይዛ መጣችና ሜዳው መሀል አስቀመጠች። ከዛሬ ጀምሮ ሜዳ ውስጥ «እኔን» ማለት የለም አለች። ያለች ልጅ የቡድኑን ማልያ ሁሉ ለብቻዋ ታጥባለች። ገነት እጇን አወጣችና፣ ሰው ሲወድቅ ዝም ማለት ኃጢአት አይሆንብንም ወይ ብላ ጠየቀች። ጥያቄው የምሯ ነበር፤ ሁላችንም መልሱን ፈልገን ጆሯችንን ሰጠን።

«ማዘን አልከለከልኳችሁም» አለች ቲቸር። «ፊሽካ ሲነፋ እዘኑ። እስከዚያ ግን ሆዳችሁ ውስጥ ያዙት።»

እናም ያዝነው። ግን ቀላል አልነበረም። «እኔን» ካፍ የሚወጣው እኮ ታስቦ አይደለም። ሰው ሲደናቀፍ እግርህ ሳይሆን ምላስህ ነው ቀድሞ የሚሮጠው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አጣቢዎቹ እኔና ገነት ብቻ ነበርን ማለት ይቻላል። እጄ ከወንዙ ውሃ ሲወጣ የኔ አይመስለኝም ነበር፤ ጣቶቼ ደንዝዘው የሳሙናውን ማለቅ እንኳ አላውቅም። ማልያዎቹን ቀርከሃው አጥር ላይ እናሰጣቸዋለን፤ የኔ የበረኛዋ ቢጫ ነበር፣ ከቀዮቹ ጋር ታጥቦ ታጥቦ ብርቱካንማ ሆኖ ቀረ። ልምምዱ አልቆ ፊሽካ ሲነፋ ደግሞ ሌላ ትዕይንት አለ። ሁላችንም የተጠራቀመውን «እኔን» ልናደርስ እርስ በርስ እንሯሯጣለን። «ቅድም በጎን ስትወድቂ እኔን»፣ «ያቺ ድንጋይ ላይ እኔን»፣ «እግርሽን ስረግጥሽ እኔን ብዬሻለሁ፣ በሆዴ ነው እንጂ።» ቲቸር ከዳር ቆማ አፏን በፊሽካዋ ሸፍና ትስቃለች።

እንዲህ እንዲህ እያልን ቡድን መሰልን። የኔ ድምፅ ብቻ ቀረ። ቲቸር ብትለምነኝ፣ ብታባብለኝ አልወጣ አለ። ሜዳው ዳር ሁልጊዜ ሰው አለ፣ ሰው ባለበት ደግሞ እኔ ጉሮሮዬ ይዘጋል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንንም በሩጫ ወደ ዘንገና ይዛን ወረደች።

ዘንገናን የማያውቅ ሰው እንዲገባው፣ ሐይቁ ክብ ነው፤ ዙሪያውን በገደልና በጫካ ታጥሮ ታች ቁጭ ያለ። ታች የለውም ይባላል። እኛ ልጆች ሆነን ወደ ዳሩ መጠጋት ያስገርፈን ነበር። ቲቸር ግማሻችንን ወዲህ፣ ግማሻችንን ወዲያ ማዶ አቆመች። ጨዋታው ቀላል ነው። እያንዳንዷ ማዶ ያለችውን ጓደኛዋን በስሟ ትጠራለች፤ የተጠራችዋ ከሰማች እጇን ታነሳለች። የኔዋ ገነት ነበረች። ጠራኋት። እጇ አልተነሳም። ደግሜ ጠራኋት፤ አልተነሳም። ሌሎቹ ሁሉ ጨርሰው እኔን ይጠብቁ ጀመር፣ በዚያ በቲቸር አጠባበቅ፣ ያለ ቃል። ውሃው ዝም ብሏል። ከቡድናችን ልጆች በቀር የሚያየኝ ሰው የለም። ዓይኔን ጨፈንኩና ሆዴ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰብስቤ «ገነት!» አልኩ።

ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ገደሉን ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደኔው ተመለሰ። ወፎች ተነሱ። ማዶ የገነት ሁለት እጅ ሽቅብ ወጣ። ደስ ብሎኝ ደግሜ ጠራኋት፣ ደግሜ፣ ደግሜ። ያልጠራሁበትን ዘመን ሁሉ ያካካስኩ መሰለኝ።

እኛ አገር ግን ውሃ ዳር ሆኖ የሰው ስም እየደጋገመ የሚጮህ ሰው አንድ ነገር ነው የሚለው። ያንን ማናችንም አላሰብነውም።

መጀመሪያ ከላይ ከጫካው የሰው ኮቴ ሰማን። ከዚያ ሴቶች እሪ ሲሉ ተሰማ። ቁልቁል የሚወርደውን ሰው ብታዩት! ዱላ የያዘ፣ ማረሻ ጥሎ የመጣ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች። ማዶ ያሉት ሰዎች ገነትን ከበው በአገውኛ ጠየቋት። ሰው ገብቷል ወይ ነው የሚሏት። ገነት አገውኛ አታውቅም፤ ያልገባትን ነገር ሁሉ ደግሞ ከትህትና ብዛት በአዎንታ ትነቀንቃለች። ነቀነቀች። አንድ ጎልማሳ ሸሚዙን ማውለቅ ጀመረ። ቲቸር እየሮጠች ሄዳ «ማንም አልገባም፣ ስፖርት ነው፣ ስፖርት ነው» እያለች ለመነቻቸው።

ወደ እኔ በኩል ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የደረሰ ሰው ነበር። ትከሻው ላይ መጫኛ ተጠምጥሟል። አንድ እግሩ ላይ የላስቲክ ጫማ አለ፣ አንዱ ባዶ ነው። ደረቱ ይነሳል ይወድቃል። አባባ ናቸው።

ክው አልኩ። አባባ እኔን አዩኝ፣ ውሃውን አዩት፣ እንደገና እኔን አዩኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ያንን ፊት እኔ ቁጣ ነው ያልኩት፤ በልጅነቴ ሌላ ስም አላውቅለትም ነበር። ቲቸር መጥታ እጅ ነስታ፣ ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ፣ ልጆቹን ድምፅ እያስተማረች እንደሆነ ተናገረች። አባባ እስክትጨርስ ጠበቁ።

«የኔ ልጅ፣ እዚህ ሰው ሲጮህ ሰው ይመጣል» አሏት። «ያለ ነገር ከጮኻችሁ፣ የምር የሆነ ዕለት ማን ይመጣል?»

ቲቸር አንገቷን ደፋች። አባባ መጫኛቸውን እንደገና ጠመጠሙ። ከዚያ ሲያልፉ፣ ሳያዩኝ፣ «ሁለተኛ ድምፅሽን እንዳልሰማ» አሉኝና ዳገቱን ወጡ። አንዱ ባዶ እግራቸው ይደማ ነበር። «እኔን» አላልኩም። ፈርቼ።

ያን ቅዳሜ ስንቅ ልወስድ ቤት መሄድ ነበረብኝ፤ አልደፈርኩም። ማታ እናቴ በገነት ስልክ ደወለች። እኛ ሰፈር ኔትወርክ ያለው ዋንዛው ሥር ብቻ ነው፣ እሱም ንፋስ ሲነፍስ ይሄዳል። ዳማው ተፈትቶ ጠፍቶ እንደዋለ፣ ሲመሽ የጎረቤት ገብስ ውስጥ እንደተገኘ ነገረችኝ። አባባስ አልኳት። «እሳቸው ምን ይናገራሉ ብለሽ ነው። አርብ ዳንግላ ኮርቻ ላሠራ እሄዳለሁ ብለዋል። ስላንቺ ደግሞ …» አለችና ተቋረጠ። መልሰን ብንደውል አይሠራም። ስላንቺ ደግሞ ምን? እኔ ሞላሁት፦ ስላንቺ ደግሞ ትምህርቱም ኳሱም ይብቃት፣ ወደ ቤት ትግባ ብለዋል። ፈረሳቸውንም ያጠፋሁባቸው እኔ ነኝ፣ አገሩን በውሃ ዳር ጩኸት ያስነሳሁትም እኔ ነኝ። ገነት በአምላክ ስም ብላ ለመነችኝ፣ ድንቹን ልጣ ብዪ አለችኝ፤ አልበላ አለኝ።

ሰኞ ልምምድ ላይ ድምፄ ተመልሶ ገባ። ቲቸር ጥግ ወስዳ ጠየቀችኝ። አባቴ ድምፅሽን እንዳልሰማ ብለውኛል አልኳት። ኳሱን እጇ ላይ አሽከረከረችው።

«አባትሽን እኔ አላዝም» አለችኝ በመጨረሻ። «ግን የማትጣራ በረኛ ገነትን ታስገጫታለች። ዳንግላ ላይ ግማሹን ቁሚ። ካልጠራሽ ከእረፍት በኋላ ጓንቱን ለሰብለ እሰጣለሁ።»

ሰብለ ተቀያሪዋ በረኛ ናት። ደህና ልጅ ናት፣ ምንም አላደረገችኝም፤ ያን ሳምንት ግን ላያት አልፈለግሁም። ጓንቱን ትራሴ ሥር አድርጌ እተኛ ነበር። ያረጀ፣ አውራ ጣቱ የተሰፋ ጓንት ነው፤ ቢሆንም በሕይወቴ «ይሄ የባንቺ ነው» የተባለ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነበር። ብጠራ አባባ ከትምህርት ቤት ያወጡኛል፤ ባልጠራ ጓንቱ ይሄዳል። ሳምንቱን ሁሉ ይሄንኑ ሳገላብጥ ከረምኩ።

አርብ በሚኒባስ ተጭነን ዳንግላ ሄድን። ዳንግላ ከእኛ ይሞቃል፤ ሹራባችንን አውልቀን ወገባችን ላይ አሰርን። ሜዳው አቧራ ነው፣ የጎሉ ቋሚ ደግሞ ብረት። የአገሩ ሰው ቲቸር ስንዱን እያየ ይተርባታል፤ የእኛን ልጅ እንጅባራ በድንች ገዛቻት ይላታል። እሷ ግን ወደ እኛ ብቻ ነበር የምታየው።

በመጀመሪያው አጋማሽ ያ የድሮው ነገር ተደገመ። ከላይ ኳስ መጣ፣ ገነት ዞራ አየችኝ፣ ዓይኗ ጥሪኝ ይላል። እኔ ጥርሴን ነከስኩ። ኳሱ ገባ። ገነት አንድ ቃል አልተናገረችኝም፤ ከዚያስ ብትሰድበኝ ይሻል ነበር። ከዳር ሰብለ ተነስታ ሰውነቷን ማሟሟቅ ጀመረች።

እረፍት ሊወጣ ጥቂት ሲቀር አንዲት የዳንግላ ልጅ ኳስ ይዛ ብቻዋን ወደኔ መጣች። ወጣሁባት፣ ኳሱን በጣቴ ጫፍ ወደ ውጭ ገፋሁትና እኔ ራሴን ማቆም አቅቶኝ ተወርውሬ ትከሻዬ ከብረቱ ጋር ተላተመ። ጓ አለ። ዓለም ለጊዜው ነጭ ሆነችብኝ።

ሜዳው ላይ ሃያ ሁለት ሴት ልጅ ነበረ፤ ከእኛ አንዷም አፏን አልከፈተችም። ሕግ ነዋ። በዚያ ዝምታ መሀል ከጎሉ ጀርባ አንድ ሰው ሜዳው እስኪሰማ ጮኸ።

«እኔን!»

ድምፁን እንዲያ ጮክ ብሎ ሰምቼው አላውቅም፤ ግን አወቅሁት። ዞር ስል አባባ ናቸው። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወድቋል፣ ዱላቸውን ጥለዋል፣ መስመሩን በአንድ እግራቸው አልፈው ገብተዋል። ዳኛው እየሮጠ መጥቶ ወደ ኋላ ይበሉ አላቸው። አልሰሙትም። ጎንበስ ብለው ትከሻዬን ዳበሱት፣ ልክ የዳማውን አንገት እንደሚዳብሱት።

«ተነሺ» አሉኝ። «ያቺን ልጅ ጥሪያት እንጂ። ምን ሆነሽ ነው የማትጠሪያት?»

«ድምፅሽን እንዳልሰማ ብለውኝ የለም እንዴ፣ አባባ?»

ግራ ተጋብተው አዩኝ። «ውሃ ዳር ነዋ ያልኩሽ» አሉ። «እዚህ ምን ውሃ አለ?»

ዳኛው እጃቸውን ይዞ እስኪያወጣቸው ድረስ እየሳቅሁ ይሁን እያለቀስኩ እንጃ። የማዕዘን ምት ነበር። ኳሱ ከጥግ ተነሳ፣ ከፍ አለ፣ የሰው ራስ ሁሉ ወደሱ ዞረ። «የኔ!» አልኩ። ገነት ጎንበስ ብላ መንገድ ለቀቀችልኝ፤ እኔ ከሁሉም በላይ ሆኜ ያዝኩት። ደረቴ ላይ አቅፌው ቀና ስል ቲቸር ሰብለን ቁጭ በይ ስትላት አየሁ።

ከእረፍት በኋላ እስኪያልቅ ድረስ ዝም አላልኩም። ገነት ወደ ግራ፣ ገነት ተመለሺ፣ ገነት ተዪው። ኋላ ላይ አንድ ጎል አገባንና እኩል ለእኩል ወጣን። በፊት በመሸነፋችን ከውድድሩ ወድቀናል፤ ሚኒባስ ውስጥ ያየን ሰው ግን ዋንጫ የያዝን ይመስለው ነበር። አባባም ከእኛው ጋር ተሳፈሩ። ኮርቻ የሚባል ነገር አልያዙም። እንጅባራ ልንደርስ ስንል ቲቸር ስንዱ ዞር ብላ፣ በአክብሮት፣ ሕጋችን ሕግ ነው፣ ሜዳ ላይ «እኔን» ያለ ማልያ ያጥባል አለቻቸው። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ለፈረሰኛ እንዲህ ይባላል እንዴ! አባባ እጃቸውን ዘርግተው የማልያውን ከረጢት ከጭኗ ላይ ወሰዱና ስንወርድ ትከሻቸው ላይ አድርገውት ወደ ቤት ሄዱ። እኛ እየቀለዱ መስሎን ሳቅን።

በማግስቱ ቅዳሜ ስንቅ ልወስድ ወደ ቤት ወጣሁ። ገና ከሩቅ ግቢያችን ቀይ ሆኖ ታየኝ። ማልያዎቹ ሁሉ ታጥበው፣ ከኮሶው ዛፍ እስከ ቀርከሃው አጥር በተዘረጋ ገመድ ላይ ተሰጥተዋል። የኔው ብርቱካንማ ለብቻው፣ ፀሐይ በደንብ በሚያገኝበት ጫፍ ላይ ነበር። ገመዱ መጫኛው ነው። እናቴ በር ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች፤ ስታየኝ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ኮርቻውስ ተሠራ?» አልኳት።

«ኮርቻው ምን ሆኖ! ገነት ቀደም ብላ በስልክ ግጥሚያ አለ ብላ ነግራኝ ነው የሄዱት» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የዚያን ቀኑን ነገረችኝ። አባባ ዳማውን ውሃ እያጠጡ ነበር። ጩኸቱ ሲሰማ ጎረቤቶች ማን ይሆን እያሉ ሲመካከሩ፣ እሳቸው የባንቺ ድምፅ ነው፣ ልጄ ውሃ ዳር ናት ብለው የፈረሱን ገመድ ከአንገቱ ፈትተው ሮጡ። ፈረሱን ሜዳ ላይ ለቀው። በሕይወታቸው ሳያስሩት ጥለውት የሄዱት ያን ቀን ብቻ ነው። ማታም ስላንቺ ደግሞ፣ እዚያ ብርድ ውስጥ ያንን ያህል ለመጮህ ምን ትበላለች፣ ቅቤ ይጨመርላት ብለዋል። እናቴ በስልክ ልትነግረኝ የነበረው ይሄንን ነው።

ድምፄን የት ሰምተው አወቁት? ብዬ ልጠይቃት አሰብኩ፤ ሳልጠይቃት ወደ አጥሩ ዞርኩ።

አባባ ከአጥሩ ጥግ ቆመዋል። ዳማውን በእጃቸው ይዘውታል፣ ጋማውን ጨብጠው። ለካ የፈረሱ ገመድ ማልያ ስለተሰጣበት የሚያስሩበት አጥተው ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ይዘውት ቆመዋል፣ እስኪደርቅ። ማታውን ዘንቦ ስለነበር ማልያው በቶሎ አልደረቀም። የሳሙናው ሽታ ከመጫኛው ሞራ ሽታ ጋር ተደባልቆ ግቢውን ሞልቶታል። ወደሳቸው ስራመድ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ስለነበር ያንን ሁልጊዜ የማውቀውን የደጃችንን ድንጋይ አላየሁትም፤ ተደናቀፍኩ።

«እኔን» አሉ አባባ፣ በቀስታ።

ዳማው ለእሱ መስሎት ዞር አለ።